ከሰኔ 30 በኋላስ?

ትምህርት ቤት ሲያበቃ፣ አካል ጉዳት ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅዎ የት ይውላል? ጥያቄው ከባድ ነው። መልሱን መፈለግ የሚጀመረው ግን በምርቃቱ ቀን ሳይሆን ከዚያ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው።

መስከረም ጠብቷል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የጎረቤት ልጆች አዲስ ዩኒፎርም ለብሰው፣ ምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለው ሰርቪስ ይጠብቃሉ። የእርስዎም ልጅ እንደ ልማዱ ማልዶ ተነሥቷል። ያለፈውን ዓመት ዩኒፎርም ከቁም ሣጥን አውጥቶ ለብሷል፤ ቦርሳውን አዝሎ በር ላይ ቆሟል። ዕድሜው 19 ነው። ሰርቪሱ መጣ፣ ሌሎቹን ጭኖ ሄደ። ልጅዎ ወደ እርስዎ ዞሮ «እኔንስ ለምን አልወሰዱኝም?» አለ።

ምን ይሉታል?

ይህ ጥያቄ በቤትዎ ተጠይቆ ከሆነ ብቻዎን አይደሉም። ገና ካልተጠየቀ ደግሞ ጊዜ አለዎት፤ ይህ ጽሑፍ በተለይ የተዘጋጀው ለእርስዎ ነው። በቤትዎ እንዲህ ያለ ልጅ የለም? ቢሆንም ገጹን አይለፉት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለማችን ከስድስት ሰዎች አንዱ አካል ጉዳት አለበት። የእህትዎ ልጅ፣ የእድርተኛዎ ልጅ ወይም ነገ ሱቅዎ መጥቶ ሥራ የሚጠይቅዎት ወጣት ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል።

በአንድ ቀን የሚቋረጠው

ትምህርት ቤት ፊደልና ቁጥር ብቻ አይሰጥም። ለመነሣት ምክንያት ይሰጣል። ሰላም የሚባል ዘበኛ፣ የሚናፈቅ ጓደኛ፣ «ጎበዝ!» የምትል መምህርት ይሰጣል። አካል ጉዳት ለሌለበት ወጣት ይህ ሁሉ ቀስ በቀስ በሌላ ይተካል፤ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ ሥራ ይይዛል፣ ጓደኛ ያፈራል። የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ኦቲዝም ወይም ዳውን ሲንድረም ላለበት ወጣት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ይቋረጣል።

ቀጥሎ የሚመጣውን ብዙ ወላጆች ያውቁታል። ልጁ እስከ እኩለ ቀን ይተኛል፤ ቀሪውን ጊዜ ቴሌቪዥን ፊት ያሳልፋል። ለዓመታት የተማረው ነገር ስለማይሠራበት ይረሳዋል። ራሱን ችሎ ታክሲ ይሳፈር የነበረ ልጅ በር መውጣት ይፈራል። ከቤት የሚቀርም ሰው ይኖራል፤ ብዙ ጊዜ ሥራዋን የምትለቀው እናት ናት። ሁለቱም ቤት ይውላሉ። ማታ ማታ ደግሞ ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው ጥያቄ ይመጣል፦ «እኔ ስሞት ይህ ልጅ ማን አለው?»

በሀገራችን እንዲህ ላሉ ልጆች መማሪያ ቦታ እንኳ የተገኘው በአብዛኛው በወላጆች ትግል ነው። የኒያና የውበት ሙያ ማሠልጠኛ መሥራች የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ልጅን ከእንግዳ መደበቅ የተለመደ በነበረበት ጊዜ ልጃቸውን ይዘው አደባባይ ወጡ። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም ይሁን ዳውን ሲንድረም ላለባቸው የሚሠራው ደቦራ ፋውንዴሽን ከኋላቸው የወላጅ ጭንቀት አለ።

ያኔ ሕፃን የነበሩት ልጆች ግን ዛሬ አድገዋል፤ ጢም አብቅለዋል። «የት ይማር?» የሚለው ጥያቄ አሁን «የት ይዋል? ምን ይሥራ?» ሆኗል። ለዚህኛው መልስ ከሩቅ የመጣ አንድ ታሪክ ይረዳናል።

መጀመሪያ ሥራው፣ ከዚያ ሥልጠናው

እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ቦታው በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ሲንሲናቲ ከተማ የሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል። የድንገተኛ ሕክምና ክፍሉን ይመሩ የነበሩት ነርስ ኤሪን ሪሊ አንድ ችግር ነበረባቸው። የሕክምና ዕቃዎችን በየመደርደሪያው የሚሞሉት ሠራተኞች ቶሎ ቶሎ ይለቁ ነበር። ሥራው ለብዙ ሰው አሰልቺ ነው። ነገር ግን ሥርዓትና ድግግሞሽ የሚወድ፣ እያንዳንዱ ነገር በቦታው ካልሆነ የማይረጋ ሰውስ? ኃላፊዋ የእድገት ውስንነት ያለባቸው ወጣቶች ይህን ሥራ እንዲሞክሩት አደረጉ። ዛሬ በአሜሪካና በሌሎች አገሮች የሚሠራበት «ፕሮጀክት ሰርች» የተባለው ፕሮግራም የተወለደው እንዲህ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተማሪው የመጨረሻውን የትምህርት ዓመት የሚያሳልፈው በመደበኛ ክፍል ውስጥ ሳይሆን በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ነው። መምህሩና የሥራ አሠልጣኙ እዚያው አብረውት ይውላሉ። በየቀኑ ጥቂት ጊዜ ይማራል፤ ቀሪውን ጊዜ ይሠራል። በዓመቱ ውስጥ በሦስት የተለያዩ ክፍሎች፣ በእያንዳንዱ ወደ አሥር ሳምንት ገደማ ይለማመዳል። ዓመቱ ሲያልቅ የሚወደው ሥራ የትኛው እንደሆነ ይታወቃል። ግቡ የምስክር ወረቀት አይደለም፤ ደመወዝ የሚከፈልበት እውነተኛ ሥራ ነው።

ከዚህ በስተጀርባ ያለው ሐሳብ ልብ ሊባል ይገባዋል። የቆየው አሠራር «መጀመሪያ ይሠልጥን፤ ሲበቃ ሥራ ይገባል» የሚል ነበር። ችግሩ ግን «በቃ» የሚባልበት ቀን አለመምጣቱ ነው፤ ወጣቱ ሲሠለጥን ይኖራል። ሌላም ነገር አለ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው አንድ ቦታ የተማረውን ሌላ ቦታ ወስዶ መጠቀም ይቸገራል። በማዕከሉ ገንዳ ብርጭቆ ማጠብ የቻለች ልጅ ካፌ ስትገባ ገንዳው ሌላ፣ ሳሙናው ሌላ፣ ጫጫታው ሌላ ይሆንባታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፦ መጀመሪያ ሥራው ይገኝ፤ ሥልጠናው እዚያው ሥራው ላይ ይሁን።

እዚህ ላይ ቁልፉ ሰው የሥራ አሠልጣኙ ነው። ብርጭቆ ማጠብን ለእርስዎ አንድ ሥራ ነው። አሠልጣኙ ግን በስምንት ወይም በአሥር ትንንሽ እርምጃዎች ይከፋፍለዋል፦ ትርፍራፊውን መድፋት፣ በውኃ ማለቅለቅ፣ በሳሙና ማሸት፣ ደግሞ ማለቅለቅ፣ በአፉ መድፋት... እያንዳንዱን እርምጃ በሥዕል ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። በመጀመሪያው ሳምንት አብሮ ያጥባል። ቀጥሎ አጠገቧ ቆሞ ያያል። ከዚያ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ በመጨረሻ በስልክ ብቻ ይጠይቃል። ጎበዝ አሠልጣኝ የሚባለው ራሱን የማያስፈልግ ማድረግ የቻለ ነው።

ሌላው ትምህርት የጊዜው ነገር ነው። በአሜሪካ ሕግ ልዩ ድጋፍ የሚሰጠው እያንዳንዱ ተማሪ ቢያንስ 16 ዓመት ሲሞላው «ከትምህርት በኋላ ምን?» የሚል የጽሑፍ ዕቅድ ሊዘጋጅለት ይገባል፤ ዕቅዱ ሲወጣም ተማሪው ራሱ ይጠራል። በብዙ ግዛቶች ድጋፉ እስከ 21 ዓመት ይቆያል። እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ዘመድ በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድ ወይም በቨርጂንያ ካለዎት ይህን ይንገሩት፦ በእነዚህ ስብሰባዎች ላይ ወላጁ የሚባለውን እንዲረዳ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። ቋንቋ አልችልም ብሎ ዝም ማለት አያስፈልግም።

እኛ ጋ ምን አለ?

አካል ጉዳት አንድ ዓይነት አይደለምና መንገዱም አንድ አይደለም።

ማየት ወይም መስማት ለተሳናቸው፣ እንዲሁም በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱ ወጣቶች የከፍተኛ ትምህርት በር ተከፍቷል፤ ደረጃው፣ የመጻሕፍት እጥረቱና የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እጦቱ ግን ገና ፈተና ነው። በአምስት ዓመቷ የዓይን ብርሃኗን ያጣችው የትነበርሽ ንጉሤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ፣ የኢትዮጵያ የአካል ጉዳትና ልማት ማዕከልን ከመሠረቱት አንዷ ሆና፣ እ.ኤ.አ. በ2017 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። ልጅዎ ለዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጅ ከሆነ ምደባ ከመሞላቱ በፊት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የተለየ አሠራር መኖሩን ከትምህርት ቤቱ ይጠይቁ። ዩኒቨርሲቲውንም በአካል ሄደው ይዩት፤ መኝታው ስንተኛ ፎቅ ነው? የድጋፍ ክፍል አለው?

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ሌላው በር ናቸው። ልብስ ስፌት፣ ምግብ ዝግጅት፣ ኮምፒውተር፣ የቆዳ ሥራና የመሳሰሉት በአጫጭር ሥልጠናም ይሰጣሉ። ከምዝገባ በፊት አሠልጣኙን ራሱን ያነጋግሩት። «ትቀበላላችሁ?» ብለው ብቻ አይመለሱ፤ «ከዚህ በፊት መስማት የተሳነው ተማሪ አስተምረዋል? እንዴት አድርገው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ብዙ ይነግርዎታል።

የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማህበርና የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማህበር ለረጅም ዓመታት የቆዩ ናቸው። ልጅዎን አባል ያድርጉት። ማህበሩ የሥራ ማስታወቂያ ባይኖረው እንኳ እሱን የመሰለ፣ ሥራ የያዘ፣ ትዳር የመሠረተ ሰው ያሳየዋል። ይህ ለወጣቱ ከምክር ሁሉ ይበልጣል።

የአእምሮ እድገት ውስንነትና ኦቲዝም ላለባቸው ወጣቶች መንገዱ ጠባብ ነው። ማዕከላት አሉ፤ የወላጆች ማህበራትም አሉ። እጅግ የሚጎድለው ግን ቅድም ያነሣነው ሰው ነው፦ ሥራ ቦታው ድረስ አብሮ ሄዶ የሚያሠለጥን። ይህን ክፍተት ዛሬ የሚሞላው በአብዛኛው ቤተሰብ ነው። የምሥራች የምንለው ግን ይህ ነው፦ ሥራው ትዕግሥት እንጂ ሕንፃ አይጠይቅም። አራት አምስት ወላጆች ተሰባስበው፣ እንደ እቁብ በየወሩ አዋጥተው አንድ ትዕግሥተኛ ወጣት ቢቀጥሩ፣ ልጆቻቸውን ተራ በተራ ሥራ ላይ ማሠልጠን ይቻላል።

ሕጉ ከማን ጋር ነው?

በ2000 ዓ.ም የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568 ብዙ ወላጅ ከሚያስበው በላይ ርቆ የሄደ ነው። ዋና ዋናዎቹን እነሆ፦

የሥራው ባሕርይ ካላስገደደ በቀር ተወዳዳሪን በአካል ጉዳቱ ምክንያት ማግለል ክልክል ነው። በውድድር እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ያመጣ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ ይሰጠዋል። አሠሪው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን ለሠራተኛው እንዲመች የማድረግ፣ ሲያስፈልግም ረዳት የመመደብ ኃላፊነት አለበት። አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብሎ የሚከስ አካል ጉዳተኛ የማስረዳት ሸክም አይወድቅበትም። ከዚህም ሌላ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች።

ሕጉ ግን የሚረዳው ማመልከቻ እስከማስገባት የደረሰውን ነው። ማስታወቂያ ማንበብ የማይችል ወጣት በቀጥታ አይጠቀምበትም። ለእሱ በሩን የሚያንኳኳለት የሚያውቀው ሰው ነው።

ስለ ሕግ ካነሣን አንድ ቀን አይርሱ፦ 18ኛውን የልደት ቀን። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ልጅዎ በዚያ ቀን ለአካለ መጠን ይደርሳል፤ ወላጅ ስለሆኑ ብቻ በስሙ የሚወስኑበት ሥልጣን ያበቃል። ከዚያ በፊት የልደት ምስክር ወረቀቱንና የሕክምና ማስረጃዎቹን አሟሉ፤ የፋይዳ መታወቂያውንና የባንክ ሒሳቡን በስሙ አውጡለት። ነገሮቹን ፈጽሞ መወሰን የማይችል ከሆነ በፍርድ ቤት በኩል አሳዳሪ የሚሾምበት መንገድ አለ። ይሁንና ይህ የሰውን መብት የሚገድብ ከባድ እርምጃ ነውና መጀመሪያ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። ለብዙዎቹ ወጣቶች ነገሩን በቀላሉ የሚያስረዳቸው አንድ ታማኝ ሰው ይበቃቸዋል።

ከቤት የሚጀምረው

አሁን ወደ እርስዎ ቤት እንግባ። ነገሩን በሦስት የዕድሜ ደረጃ ከፍለን እንየው።

ከ12 እስከ 14 ዓመት። የመጀመሪያው ሥልጠና ማዕከል ቤትዎ ነው፤ ትልቁ እንቅፋትም ብዙ ጊዜ እዚሁ ነው። በፍቅር ብዛት ጫማውን የምታስርለት ሠራተኛዋ ናት፤ ሻይ የምትቀዳለት እህቱ ናት፤ ልብሱን የሚመርጥለት እናቱ ናት። ይህ ልጅ 20 ዓመት ሲሞላው «ምን ትችላለህ?» ቢባል ምን ይመልሳል? ስለዚህ አንድ ሥራ የእሱ ይሁን። አልጋውን ማንጠፍ፣ የውኃ ጀሪካኖቹን መሙላት ወይም ለቡና ስኒዎቹን ደርድሮ ረከቦቱን ማሰናዳት ሊሆን ይችላል። ሲያጠፋ አይንጠቁት። በቤት ውስጥ ያሉ ሁሉ፣ ሠራተኛዋም ጭምር፣ ይህን ይወቁ፦ «የእሱን ሥራ ማንም አይሠራለትም።» እንግዳ ሲመጣም ልጅዎ ጓዳ አይግባ፤ እጅ ያስታጥብ።

ከ15 እስከ 17 ዓመት። አሁን ከቤት ይውጣ። ሱቅ ልከውት መልስ ይዞ ይምጣ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለትን ይማር፤ በመጀመሪያ አብረውት ተቀምጠው፣ ቀጥሎ ከኋላ ወንበር ሆነው፣ በመጨረሻ መውረጃው ላይ ቆመው ይጠብቁት። ብርን ከእውነተኛ ግዢ ይማር። የቅዳሜን ጠዋት ደግሞ ለሥራ ይስጡት፤ የአጎቱ ሱቅ፣ የሰፈሩ ዳቦ ቤት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ወይም የመስጊዱ አካባቢ ሁለት ሰዓት ይበቃል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ልጅን መቅጠር ክልክል ነው፤ 18 ዓመት ያልሞላው ወጣትም በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ አይሠራም። እርስዎ የሚፈልጉት ግን ጉልበቱን ሳይሆን ልምዱን ነውና ትንሽ ይበቃል።

የመጨረሻው የትምህርት ዓመት። የሲንሲናቲውን ዘዴ በትንሹ ይቅዱት። ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋግረው በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ይፈቀድለት፤ በዓመቱ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ይሞክር። አንዱ ጸጥ ያለ ይሁን፤ ለምሳሌ ቤተ መጻሕፍት ወይም የፋርማሲ መጋዘን። ሁለተኛው ሰው የሚበዛበት፣ ሦስተኛው ደግሞ ከቤት ውጪ፣ ችግኝ ጣቢያን የመሰለ ይሁን። የት እንደሚፈካ፣ የት እንደሚጨነቅ ይመዝግቡ። «ይህ ልጅ ሥራ አይችልም» የተባለለት ወጣት አንዳንድ ጊዜ የከበደው ሥራው ሳይሆን የወፍጮው ድምፅ ነው።

በሩን ሲያንኳኩ

ሥራ ፍለጋ ሲወጡ «እባክዎ ይርዱኝ» ብለው አይጀምሩ። በርኅራኄ የተገኘ ሥራ ርኅራኄው ሲያልቅ ያልቃል። በምትኩ መሥሪያ ቤቱን አስቀድመው ይዩት። ምን ሥራ ይጎድላል? ማን ምን ይሰለቸዋል? ከዚያ እንዲህ ይበሉ፦ «ጋሼ፣ የእርስዎ አስተናጋጆች በምሳ ሰዓት ሹካና ማንኪያ ሲጠቀልሉ እንግዳ ይጠብቃል። ልጄ ይህን ሥራ በደንብ ትሠራለች። ለሦስት ሳምንት እኔ ወይም እህቷ አብረናት እንመጣለን። ካልሆነ ያለ ቅሬታ እንለያያለን።»

አንድ ገጽ ወረቀትም ይያዙ። በላዩ ላይ አራት ነገር ይጻፉ፦ የምትወደውን፣ ያለ እርዳታ የምትሠራውን፣ የሚያስጨንቃትን፣ ስትጨነቅ ምን ማድረግ እንደሚረዳት። «ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ አይዘዟት፤ አንዱን ስትጨርስ ሁለተኛውን ይንገሯት» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አንድን ሥራ ሊያተርፍ ይችላል።

ሱቅ፣ ካፌ፣ ሆቴል ወይም ድርጅት ያለዎት አንባቢ ደግሞ ይህ ለእርስዎ ነው። የሚጠየቁት ሙሉ የሥራ መደብ እንዲፈጥሩ አይደለም። ባለሙያ ሠራተኞችዎን የሚያቋርጡ ትንንሽ ሥራዎችን ሰብስበው ለአንድ ሰው ቢሰጡ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ከመቅጠርዎ በፊት ግን ከሠራተኞችዎ አንድ ሰው «ታላቅ ወንድም» ወይም «ታላቅ እህት» አድርገው ይመድቡለት። አለቃ ሳይሆን ምሳ አብሮት የሚበላ ሰው።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች

በመጀመሪያ ክፍያ። ልምምድ ልምምድ ነው፤ መጀመሪያና መጨረሻው ይታወቅ። ወጣቱ እንደ ሌላው ሠራተኛ እየሠራ ዓመት ሙሉ «የትራንስፖርት» እየተባለ ጥቂት ብር ከተሰጠው ብዝበዛ ነው። ውል ይጻፍ፤ ደመወዙም በእሱ ሒሳብ ይግባ።

ሁለተኛው ስለ ገላ ክብር ነው። ለመናገር ያሳፍራል፤ ዝምታው ግን ያስከፍላል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ወጣቶች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ ለጥቃት የተጋለጡ ናቸው። ማን ሊነካቸው እንደሚችል፣ የትኛው የሰውነት ክፍል የግል እንደሆነ፣ «አይሆንም» ብሎ መጮህን፣ ለማን መንገር እንዳለባቸው በግልጽ ቃል፣ በሥዕልም ቢሆን፣ ደጋግመው ያስተምሩ። ለሰው ሁሉ ታዛዥ ሆኖ ያደገ ልጅ ለክፉ ሰውም ይታዘዛል።

ሦስተኛው ጤና ነው። የሚጥል በሽታ ካለበት ወይም መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ቢያንስ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይወቁ።

ሥራ የማይሆንለትስ?

እውነቱን እንነጋገር። ራሱን ችሎ መብላት የሚቸገር፣ ቀንና ሌሊት እንክብካቤ የሚሻ ወጣት አለ። የእርስዎ ልጅ እንዲህ ከሆነ ከላይ የተጻፈው ሁሉ ልብዎን አያቁስለው። ለእሱ ግቡ ደመወዝ ሳይሆን የሚጠበቅ ቀን ነው፦ የሚወጣበት ሰዓት፣ የሚያውቀው መንገድ፣ ስሙን ጠርቶ ሰላም የሚለው ሰው። በሳምንት ሁለት ቀን ማዕከል፣ አንድ ቀን ጓደኛ ቤት፣ እሑድ አምልኮ ቦታ፣ ሌላው ቀን ፀሐይ የሚሞቅበት በረንዳና የሚወደው ሙዚቃ። ይህም ኑሮ ነው፤ ይህም ክብር ነው። ሁለት እናቶች ተስማምተው ልጆቻቸውን ተራ በተራ ቢጠብቁ እያንዳንዳቸው በሳምንት አንድ ቀን ያርፋሉ። የደከመ ወላጅ ማረፉ ለልጁም ነው።

እህትና ወንድሞችን ደግሞ አይርሷቸው። «አንተ አለህለት» ተብሎ በዝምታ የተጫነ ሸክም ብዙ ጊዜ ወይ ቂም ይሆናል ወይ ሽሽት። ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ማን ምን ይችላል? ውጭ አገር ያለው ገንዘብ ይልካል፤ ቅርብ ያለችው በወር ሁለት እሑድ ትወስደዋለች፤ ሌላው ወረቀቱን ይከታተላል። የተስማማችሁበት ይጻፍ። ወንድምየው እሱን መሸከም ሳይሆን አብሮት መኖር እንዲችል የሚያደርገው፣ አልጋውን አንጥፎ፣ ታክሲ ተሳፍሮ፣ ጥቂት ብር አግኝቶ የሚገባ ወንድም ሲሆንለት ነው። «እኔ ስሞት ማን አለው?» ለሚለው ጥያቄ ዛሬ የሚያስተምሩት ነገር የመልሱ ግማሽ ነው።

የመጀመሪያው ደመወዝ

ወደዚያ ወደ መስከረሙ ጠዋት እንመለስ። ዩኒፎርም ለብሶ በር ላይ የቆመው ልጅ አልተሳሳተም። ጠዋት ተነሥቶ፣ ለብሶ፣ ሰው ወዳለበት መሄድን ለ12 ዓመት አስተምረነዋል፤ ትምህርቱን በደንብ ይዞታል። የጎደለው የሚሄድበት ቦታ ነው። ያንን ቦታ ቀድሞ መፈለግ የእኛ የትልልቆቹ ድርሻ ነው።

በሀገራችን ልማድ ልጅ የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል ለአባቱ ጋቢ፣ ለእናቱ ነጠላ ይገዛል፤ ምርቃት ይቀበላል። ብዙ ወላጆች ይህን ቀን ከዚህ ልጃቸው አይጠብቁም። «አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ» ብለው ትተውታል። አይተዉት። ነጠላው ቀርቶ አንድ ኪሎ ብርቱካን በወረቀት ከረጢት ይዞ፣ «በራሴ ብር ነው» ብሎ ቢገባ፣ ያን ቀን እርስዎም እንደ ማንኛውም ወላጅ ተነሥተው ይመርቁታል።

ልጅዎ ዛሬ 13 ዓመቱ ከሆነ ነገ ጠዋት አልጋውን ራሱ ያንጥፍ። ጉዞው የሚጀምረው ከዚያ ነው።